አባ ተስፋ ጽዮን፤ ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ ያሳተሙ መነኩሴ

መጽሐፍ የሃይማኖት ዕቃ ቤት ነው። አባቶች በቃል የተቀበሉትን ትምህርት በጽሕፈት ባያኖሩት ኖሮ የልጅ ልጅ የሚይዘው ባልኖረውም ነበር። ስለዚህ ጠላት በአንድ ሕዝብ ላይ ሲነሣ ሰውን ከመግደልና ከብትን ከመንዳት ጋራ መጻሕፍትንም ማቃጠል ልማዱ ነው። እግዚአብሔር ግን ሕዝቡን ያለ መጽሐፍ አይተውም። ነቢዩ ኤርምያስ በባሮክ እጅ ያስጻፈውን ክርታስ ንጉሡ ኢዮአቄም ቀድዶ በእሳት በጣለው ጊዜ፥ ሌላ ክርታስ ተጽፎ ከፊተኛው ይልቅ ብዙ ቃል ተጨመረበት። ሕጉም በተቃጠለ ጊዜ ዕዝራ ሱቱኤል መንፈስ ቅዱስ ገልጾለት እንደ ገና አጻፈው።

ይህን የመሰለ ነገር በሀገራችን በኢትዮጵያም ተደርጓል። በግራኝ አሕመድ ዘመን አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ከነመጻሕፍታቸው ሲቃጠሉ፥ ከደብረ ሊባኖስ የወጡ አንድ መነኩሴ በሩቅ ሀገር በሮም ከተማ ተቀምጠው ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ ቋንቋ በማተሚያ መኪና አሳተሙ። እኒህም አባ ተስፋ ጽዮን ናቸው። የግእዝን መጻሕፍት ታሪክ የተማረ ሁሉ፥ በሀገር ውስጥም ሆነ በውጭ፥ ስማቸውን ያውቃል። ነገር ግን ስማቸው የታወቀውን ያህል ድካማቸው አልተነገረም። ስለዚህ ታሪካቸውን ለአንባብያን ጥቅም በአጭሩ ለመጻፍ አሰብን። በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

አባ ተስፋ ጽዮን የተወለዱት በ1510 ገደማ ሲሆን፥ የመነኰሱት አቡነ ተክለ ሃይማኖት በመሠረቱት በታላቁ ገዳም በደብረ ሊባኖስ ነው። የተወለዱበት ዘመን የኢትዮጵያ ትምህርት ሞልቶ የተትረፈረፈበት ዘመን ነበር። ከዐፄ ዓምደ ጽዮን መንግሥት ዠምሮ እስከ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና ከዚያም በኋላ ባሉት ነገሥታት፥ በ200 ዓመት ውስጥ ማለት ነው፥ ሊቃውንቱ ብዙ መጻሕፍትን ከዐረብ ወደ ግእዝ መለሱ፤ ብዙዎችንም ከራሳቸው አንቅተው ደረሱ። አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ መጽሐፈ ምሥጢርን በ1424 ፈጸመ፤ ተአምረ ማርያም በዐፄ ዳዊት ዘመን ተተረጐመ፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም መጽሐፈ ብርሃንን ደረሱ። ሠዓሊው ፍሬ ጽዮን የእመቤታችንን ሥዕል በዚያው ዘመን ይሥል ነበር። በገዳማቱ ዕቃ ቤት የብራና መጽሐፍ በመጽሐፍ ላይ ተደራርቦ ይገኝ ነበር። አባ ተስፋ ጽዮን ያደጉት ከዚህ ማዕድ እየበሉ ነው።

ዳሩ ግን ይህ ሁሉ ሀብት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለእሳት ተሰጠ። በ1529 ግራኝ አሕመድ የዐፄ ልብነ ድንግልን ሠራዊት በሽምብራ ኩሬ ድል አደረገ። በ1531 በሐምሌ ወር ደብረ ሊባኖስ ተቃጠለ፤ በዚያው ዓመት ዐፄ ናዖድ ዠምረው ዐፄ ልብነ ድንግል በወርቅ አስጊጠው የፈጸሟት መካነ ሥላሴ ተቃጠለች። ንጉሠ ነገሥቱ ከአምባ ወደ አምባ እየተሰደዱ ቈይተው በ1540 በደብረ ዳሞ ዐረፉ። ስንት መጽሐፍ እንደ ጠፋ የሚቈጥር ሰው የለም። አንድ ወንጌል በብራና ለመጻፍ ስንት ፍየል እንደሚታረድ፥ ቆዳው ስንት ቀን ተወጥሮ እንደሚፋቅና እንደሚደርቅ፥ ጸሐፊው ቀለሙን አንጥሮ፥ መቃውን ቀርጾ፥ ጕልበቱን አጥፎ ስንት ወር እንደሚቀመጥ የሚያውቅ ካህን ግን፥ የጥፋቱን መጠን በልቡ ሊመዝነው ይችላል። በአንድ ቀን እሳት የነደደው የብዙ ትውልድ የዐይን ብርሃን ነበር።

አባ ተስፋ ጽዮን በዚያ መከራ ዘመን ከሀገራቸው ወጥተው በ1530ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ገደማ ሮም ደረሱ። በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያውያን መነኰሳት ወደ ውጭ የሚወጡበት መንገድ የታወቀ ነበር። በግብፅ በረሓ አልፈው ወደ ኢየሩሳሌም ይሳለማሉ፤ ከዚያም አንዳንዶቹ ባሕር ተሻግረው የጴጥሮስንና የጳውሎስን መቃብር ለመሳለም ወደ ሮም ይሄዳሉ። በ1441 ከኢየሩሳሌም የተላኩ ኢትዮጵያውያን መነኰሳት በፍሎሬንስ ወደ ተደረገው ጉባኤ መጥተው እንደ ነበር በታሪክ የታወቀ ነው። ለነዚህ እንግዶች ማረፊያ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ የምትገኝ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ከነቤቷ ተሰጥታቸው ነበር። አባ ተስፋ ጽዮንም የገቡት በዚች ቤት ነው። ባዕዳን ስማቸውን መጥራት ስለ ከበዳቸው ኢትዮጵያዊው ጴጥሮስ ይሏቸው ነበር።

እሳቸው የደረሱባት ሮም ምን ዐይነት ከተማ እንደ ነበረች ካልተናገርን የሠሩት ሥራ ምክንያቱ አይገለጥም። አውሮፓውያን ያን ጊዜ ዘመነ ሕዳሴ ይሉታል፤ የጥበብና የትምህርት መታደስ ማለት ነው። ለዚህ መታደስ ብዙ ምክንያት ቢኖረውም ሁለቱ ከሁሉ ይበልጣሉ። አንደኛው የጥንት መጻሕፍት መገኘት ነው። የቍስጥንጥንያ መንግሥት እየደከመ ሄዶ በ1453 በቱርኮች እጅ ሲወድቅ፥ ከመውደቁም በፊት፥ የግሪክ ሊቃውንት መጻሕፍታቸውን ይዘው ወደ ኢጣልያ ተሰደዱ። አስቀድሞ የኒቅያ ጳጳስ የነበረው በሳርዮን የሰበሰባቸውን ብዙ የግሪክ መጻሕፍት በ1468 ለቬኒስ ከተማ ሰጠ። ሁለተኛው ምክንያት የማተሚያ መኪና ነው። በጀርመን አገር በማይንጽ ከተማ ዮሐንስ ጉተንበርግ በ1455 ገደማ መጽሐፍ ቅዱስን በላቲን ካተመ በኋላ፥ ጸሐፊ በወራት የሚጨርሰውን መጽሐፍ በመቶ እያባዙ ማውጣት ተቻለ።

ከዚህ የተነሣ ሊቃውንቱ ወደ ምንጩ እንመለስ የሚል ዐሳብ ያዙ። በላቲን የተተረጐመውን ከግሪኩና ከዕብራይስጡ ጋራ ያስተያዩ ዠመር። ኤራስሙስ የተባለው የሆላንድ ሊቅ ሐዲስ ኪዳንን በግሪክ ቋንቋ በ1516 አሳተመ። በሥዕልና በሕንፃም ያው መታደስ ነበረ። አባ ተስፋ ጽዮን በሮም ሳሉ ሚኬላንጄሎ የኋለኛውን ፍርድ ሥዕል በጳጳሱ ጸሎት ቤት ግድግዳ ላይ ሥሎ በ1541 ፈጸመ፤ በ1547ም የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ኀላፊ ሆነ። መነኩሴው በማኅደራቸው ደጃፍ ሲቆሙ አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ሲፈርስ ዐዲሱም ሲነሣ ያዩ ነበር።

ነገር ግን ያ ዘመን ሁሉ ነገሩ መልካም ነበር ማለት አይደለም። ከጥበቡ ጋራ ትዕቢት፥ ከሕንፃው ጋራ የገንዘብ ፍቅር ገብቶ ነበር፤ በዚህም ምክንያት የምዕራብ ክርስቲያኖች እርስ በርሳቸው ተለያዩ። ሮምም ራሷ በ1527 የንጉሠ ነገሥት ቻርልስ 5ኛ ወታደሮች ገብተው ዘርፈዋት ነበር። ስለዚህ አባ ተስፋ ጽዮን ከተቃጠለ ገዳም ወጥተው የደረሱት የመዘረፍን ነገር ወደምታውቅ ከተማ ነው። ጥበብ በራሱ ክፉም ደግም አይደለም። ያ መነኩሴም ከዚያ ሁሉ መካከል ለቤተ ክርስቲያን የሚጠቅመውን ለይተው አዩ፤ ያም የማተሚያው መኪና ነው።

ከሳቸው በፊት ፊደላችን በማተሚያ ያልታየ አልነበረም። በ1511 ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የኮሎኝ ከተማ ቄስ በሮም ሳለ ኢትዮጵያውያን መነኰሳት ሲዘምሩ ሰማ። ቋንቋውን ባያውቀውም የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም ከዜማው መካከል ለይቶ ሰማና ልቡ ተነካ። ከዚያም ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ከሚባል ኢትዮጵያዊ ተሳላሚ ግእዝ ተምሮ በ1513 መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ። በግእዝ ፊደል በማተሚያ ከታተሙት መጻሕፍት የመጀመሪያው ይህ ነው። ነገር ግን ፖትከን ቋንቋውን የከለዳውያን ቋንቋ መስሎት በዚሁ ስም ጠራው። ይህ ስሕተት ከአንዱ ሊቅ ወደ ሌላው እየተላለፈ ብዙ ዘመን ኖረ፤ ስለዚህም መዝሙሩ የታተመለት ሕዝብ የቋንቋውን ስም ተነጥቆ ነበር።

አባ ተስፋ ጽዮን ከዳዊት ቀጥሎ ሐዲስ ኪዳንን ለማሳተም ዐሰቡ። ይህንም ሥራ ብቻቸውን አልሠሩትም። ተንሥአ ወልድና ዘሥላሴ የሚባሉ ሁለት ኢትዮጵያውያን ወንድሞች አብረዋቸው ደከሙ። ከሮም ሰዎችም የአሬጾው ሰው ፒየትሮ ፓኦሎ ጓልቲየሪና የሪየቲው ሰው ማርያኖ ቪቶሪ ረዷቸው። ካርዲናል ማርቼሎ ቼርቪኒ፥ በኋላ በ1555 ጳጳስ ሆኖ ሦስት ሳምንት ያህል ብቻ ተቀምጦ የሞተው፥ መጻሕፍትን የሚወድ ሰው ስለ ነበረ ደገፋቸው። ከ1534 እስከ 1549 በሮም መንበር የነበረው ጳውሎስ 3ኛም ፈቃዱን ሰጠ። ማተሚያ ቤቱ የቫሌሪዮ ዶሪኮና የወንድሙ የሉዊጂ ነበረ።

የሥራውን ክብደት ለመረዳት የፊደላችንን ቍጥር ማሰብ ይበቃል። የላቲን ፊደል ሃያ ከምናምን ነው። የኛ ግን 26ቱ ፊደላት በሰባት በሰባት ሲበዙ 182 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ 20 ሲጨመሩ 202፤ ከዚያም በላይ አኃዙና ነጥቡ አለ። ለእያንዳንዱ ፊደል አንጥረኛው በብረት ዘንግ ጫፍ ላይ ምስሉን ገልብጦ ይቀርጻል፤ ያን ብረት በመዳብ ላይ መትቶ ቅርጹን ያወጣል፤ በመዳቡም ቅርጽ ውስጥ የቀለጠ እርሳስ እያፈሰሰ ብዙ ፊደል ይሠራል። ከዚህ በኋላ ፊደል ለቃሚው አንድ በአንድ እያነሣ በመስመር ይደረድራል። ገጹም ቀለም ተቀብቶ በወረቀት ላይ ይጫናል። ፊደሉ የሚደረደረው ተገልብጦ ስለ ሆነ፥ የሚያነበውን ቋንቋ የሚደረድር ሰው እንኳ ይሳሳታል። የሮም ሠራተኞች ደግሞ ግእዝን ከነጭራሹ አያውቁም፤ ለነርሱ ሀ እና ሃ፥ ሰ እና ሱ፥ ደ እና ዳ ያው ናቸው። በሌላ በኩል መነኰሳቱ ቋንቋውን ጠንቅቀው ቢያውቁም ያትሙ ዘንድ የኅትመትን ሥራ አያውቁም። ስለዚህ ማተም የሚያውቀው ማንበብ አይችልም፤ ማንበብ የሚችለውም ማተም አያውቅም ነበር። አባ ተስፋ ጽዮን ይህን ችግር ሳይደብቁ በመጽሐፉ ላይ ገልጸው፥ አንባቢው ስሕተት ባገኘ ጊዜ ሳይፈርድባቸው እንዲያርምና በጸሎቱም እንዲያስባቸው ለምነዋል።

ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ችግር ደግሞ ነበረባቸው። ለግብሐዋርያት የተገኘው የብራና መጽሐፍ ጐደሎ ነበር። መጽሐፉን ሞልቶ የሚያመጣ ሰው ወደ ኢትዮጵያ እንዳይላክ ሀገሪቱ ከጦርነት ገና መውጣቷ ነበር፤ መንገዱም ሩቅና አደገኛ ነው። ስለዚህ ሁለት ምርጫ ብቻ ቀረላቸው፤ ወይ ሐዲስ ኪዳኑን ያለ ግብረ ሐዋርያት ማውጣት፥ ወይ የጐደለውን ከሌላ ቋንቋ መልሶ መሙላት። እነርሱም ሁለተኛውን መርጠው ከላቲንና ከግሪክ ወደ ግእዝ መለሱት።

ይህ ነገር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። አባቶች ሐዲስ ኪዳንን ከጽርዕ የተረጐሙት ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት በአክሱም ዘመን ነው፤ ንባቡም ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ቃል ሳይጐድል እየተላለፈ መጥቷል። በዚያ ንባብ መካከል በባዕድ ሀገር የተሠራ ዐዲስ ትርጓሜ መጨመር፥ የቃሉን ኀላፊነት ለሚያውቅ መነኩሴ የሚያስፈራ ነገር ነው። ሌላ ሰው ቢሆን የጨመረውን ሸሽጎ ሁሉን የጥንት ንባብ አስመስሎ ያወጣው ነበር። አባ ተስፋ ጽዮን ግን የግብረ ሐዋርያት ብዙው ክፍል በብራናው ጕድለት ምክንያት ከላቲንና ከግሪክ እንደ ተተረጐመ በግልጥ ጻፉ። ስለዚህ በኋላ የመጣ ሊቅ ሁሉ የትኛው የአባቶች ንባብ እንደ ሆነ፥ የትኛው የሮም ሥራ እንደ ሆነ ለመመርመር መንገድ አገኘ። የሊቅ ታማኝነት የሚታወቀው ባወቀው ብቻ አይደለም፤ የጐደለውንም በመናገሩ ነው።

መጽሐፉ በ1548 ወጣ። በውስጡ አራቱ ወንጌላት፥ ራእየ ዮሐንስ፥ ሰባቱ መልእክታት፥ ግብረ ሐዋርያትና ወደ ዕብራውያን የተጻፈው መልእክት ነበሩ፤ ከነዚህም ጋራ ሥርዐተ ቅዳሴው ታተመ። የቀሩት 13ቱ የቅዱስ ጳውሎስ መልእክታት በሚከተለው ዓመት በ1549 ወጡ። በዚሁ በ1549 የቤተ ክርስቲያናችን የጥምቀትና የቅዳሴ ጸሎት ወደ ላቲን ተመልሶ ታተመ፤ በዚህም የምዕራብ ሰዎች ኢትዮጵያውያን እንዴት እንደሚጠመቁና እንደሚቀድሱ ከወሬ ሳይሆን ከመጽሐፉ አወቁ።

በሐዲስ ኪዳኑ አርእስት ላይ የተጻፉ ሁለት ነገሮች የአባ ተስፋ ጽዮንን ልብ ያሳያሉ። አንደኛው የቋንቋው ስም ነው። ሰዎች በልማድ የከለዳውያን ቋንቋ ቢሉትም ስሙ ግእዝ እንደ ሆነ፥ ትርጓሜውም ነጻ ማለት እንደ ሆነ፥ ይህም ከሌላ ቋንቋ ያልወጣ በመሆኑ እንደ ተባለ በአርእስቱ አስጻፉ። የኛ ሊቃውንት ግዕዝ በዐይኑ ዐ ሲጻፍ ነጻነትን፥ በአልፋው አ ሲጻፍ መዠመሪያነትን ያሳያል እያሉ ስለ ስሙ ብዙ ይላሉ፤ የቋንቋ መርማሪዎችም የግእዝን ዝምድና ከሌሎቹ የሴም ቋንቋዎች ጋራ አስረድተዋል። እዚህ ላይ የሚታየው ግን መነኩሴው ባለቤቱ ያልሰጠውን ስም አንቀበልም ማለታቸው ነው። ሁለተኛው የንጉሡ ስም ነው። መጽሐፉ የታተመበት ዘመን ሲጠቀስ የሮሙ ጳጳስ ብቻ ሳይሆን ዐፄ ገላውዴዎስም አብረው ተጠርተዋል። ዐፄ ገላውዴዎስ በ1540 ነግሠው፥ በ1543 ግራኝ አሕመድ በወይና ደጋ ከወደቀ በኋላ፥ የፈረሰውን ቤተ ክርስቲያን የሚያሠሩበት ዘመን ነበር። በሀገር ውስጥ ንጉሡ፥ በስደት መነኩሴው፥ በአንድ ዘመን የፈረሰውን ይሠሩ ነበር።

አባ ተስፋ ጽዮን በማሳተም ብቻ አልተወሰኑም። በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት የተሰበሰቡትን የብራና መጻሕፍት ይጠብቁ፥ ይገለብጡ ነበር፤ በእጃቸው የጻፉበት መጽሐፍ እስከ ዛሬ በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ግእዝንም ያስተምሩ ነበር። ከሳቸው የተማረው ማርያኖ ቪቶሪ በ1552 የግእዝን ሰዋስው በላቲን አሳተመ፤ በአውሮፓ የታተመ የመጀመሪያው የግእዝ ሰዋስው ይህ ነው። በአርእስቱ ላይ ከለዳዊ የሚለው አሮጌ ስም ባይቀርም ኢትዮጵያዊ የሚለው አብሮት ተጽፏል። ሐዲስ ኪዳኑ ከተፈጸመ በኋላ ብዙ ዓመት ሳይቈዩ አባ ተስፋ ጽዮን ለሮም ቅርብ በሆነችው በቲቮሊ ከተማ ዐረፉ፤ አስከሬናቸውም በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ገና ወደ ሽምግልና አልደረሱም ነበር፤ ወደ ደብረ ሊባኖስም አልተመለሱም።

ስለኒህ አባት ሲነገር ከካህናት መካከል የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። በሮም ጳጳስ ቤት ተቀምጠው፥ በርሱ ገንዘብና ፈቃድ መጽሐፍ ያሳተሙ፥ ለሮም ሊቃነ ካህናትም ስለ ኢትዮጵያ ነገር አማካሪ የነበሩ መነኩሴ እንደ ኦርቶዶክሳዊ ሊቅ ሊመሰገኑ ይገባልን የሚል ነው። ጥያቄው ከባዶ የተነሣ አይደለም። በዚያው ዘመን ሮም ስለ ሀገራችን የምትሰበስበው ዕውቀት ኢትዮጵያን ወደ ራሷ ለመሳብ ለነበራት ዐሳብ ይረዳት ነበር። በ1555 የኢየሱሳውያን መልእክተኛ ወደ ዐፄ ገላውዴዎስ በመጣ ጊዜ ንጉሡ የአባቶቻቸውን ሃይማኖት የሚገልጥ ጽሑፍ ጽፈው እስከ መመለስ ደረሱ። በኋላም በ1622 ዐፄ ሱስንዮስ የሮምን ሃይማኖት በይፋ ስለ ተቀበሉ ወንድም ከወንድሙ ተዋጋ፤ ደምም ፈሰሰ፤ እስከ 1632 ድረስ፥ ዐፄ ፋሲል እስከ ነገሡና ሃይማኖቱ እስከ ተመለሰ ድረስ ማለት ነው፥ ሀገር አልተረጋጋችም።

ይህ እውነት ስለ ሆነ መሸሸግ አይገባም። ይሁን እንጂ ሰው የሚመዘነው በእጁ ሥራ ነው። አባ ተስፋ ጽዮን ያሳተሙት የሮምን የትምህርት መጽሐፍ ሳይሆን አራቱን ወንጌልና መልእክታቱን በአባቶች ቋንቋ ነው፤ ቅዳሴውም የላቲን ቅዳሴ ሳይሆን ካህናታችን የሚቀድሱት ነው። ቤታቸው የተቃጠለባቸው ስደተኛ ነበሩ፤ ማተሚያውም ያለው በሮም እንጂ በሸዋ አልነበረም። ዮሴፍ በግብፅ፥ ዳንኤልም በባቢሎን ቤተ መንግሥት ተቀምጠው የወገናቸውን ነገር እንዳልረሱ፥ እሳቸውም በሰው ሀገር የሀገራቸውን ንጉሥና የቋንቋቸውን ስም አልረሱም። ስለ ልባቸው የሚፈርድ ልብን የሚመረምር እግዚአብሔር ነው፤ ለኛ የተተወልን ከድካማቸው ፍሬ መልካሙን ወስደን ማመስገን ነው።

ፍሬውም ከሳቸው ዕድሜ ይልቅ ረዥም ሆነ። በ1657 በለንደን ብራያን ዎልተን በብዙ ቋንቋዎች ባሳተመው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የገባው የግእዝ ሐዲስ ኪዳን ያ የአባ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳን ነው፤ ስሕተቱም አብሮት ገባ፤ ሌላም ስሕተት ተጨመረበት። ጀርመናዊው ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ በ1649 በሮም፥ በዚያው በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ይኖሩ ከነበሩት ከአባ ጎርጎርዮስ ጋራ ተገናኝቶ ከሳቸው ከተማረ በኋላ፥ በ1661 የግእዝን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። ስለዚህ የዚያች ቤት በረከት በአንድ ሰው አላበቃም። ከሌሎች የብራና መጻሕፍት ጋራ የተስተያየ ዐዲስ የግእዝ ሐዲስ ኪዳን በእንግሊዝ ሀገር በቶማስ ፔል ፕላት አዘጋጅነት የተፈጸመው በ1830 ነው። እስከዚያ ድረስ፥ 280 ዓመት ያህል፥ በአውሮፓ ግእዝን የተማረ ሁሉ ሐዲስ ኪዳንን ያነበበው የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ ባሳተሙት ነው።

በሀገራችን ግን የማተሚያ ሥራ ዘግይቶ ገባ። በዚህ ሁሉ ዘመን ጸሐፊዎቻችን ወንጌሉን በብራና እየጻፉ የተቃጠለውን ቤተ ክርስቲያን ሁሉ እንደ ገና በመጽሐፍ ሞሉት። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የተቋቋመው በ1921 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሊቃውንቱ ያረሟቸው መጻሕፍት ከነትርጓሜያቸው እየታተሙ ለካህኑም ለምእመኑም ደረሱ።

እንግዲህ ከኒህ አባት ታሪክ የምንማረው ምንድር ነው? በመዠመሪያ፥ ሀብት ሳለ መጠበቅን ነው። ግራኝ ያቃጠለው እንዳለ ሆኖ፥ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ስንት መጽሐፍ በዝናም ፍሳሽ፥ በምስጥና በአይጥ፥ በመቅረዝ ጥላሸት እንደ ጠፋ፥ ስንቱም በሌባ እጅ ተሰርቆ ባሕር እንደ ተሻገረ ኹላችን እናውቃለን። ይህን ያደረገ ባዕድ ጠላት ብቻ አይደለም፤ የዕቃ ቤቱ ቍልፍ የተሰጠው ሰው ቸልታም ነው። አባ ተስፋ ጽዮን ጐደሎውን ግብረ ሐዋርያት በእጃቸው ይዘው የተጨነቁት፥ ሙሉውን የሚልክላቸው ስላልነበረ ነው። ዛሬ በአንድ ገጠር ቤተ ክርስቲያን ጥግ የወደቀ ጥራዝ፥ ነገ ለሚመጣ ሊቅ የጐደለውን የሚሞላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አስተዳዳሪው መጽሐፉን በመዝገብ ይጻፈው፤ ከደረቅ ቦታ ያኑረው፤ ቢቻልም በፎቶግራፍ ያስነሣው።

ሁለተኛ፥ ዐዲስ ጥበብ ሲመጣ መለየትን እንማራለን። በዘመነ ሕዳሴ ሮም ብዙ የሚያስጐመጅ ነገር ነበረ። መነኩሴው ግን ሁሉን አልተመኙም፤ ሁሉንም አልናቁም። ወንጌልን የሚያበዛውን መሣሪያ መርጠው፥ የማያውቁትን ሥራ ከማያውቋቸው ሰዎች ተምረው፥ የራሳቸውን ፊደል በእርሳስ አስቀረጹ። ዐዲስ ነገር ሁሉ ኑፋቄ ነው የሚል ሰው ከሳቸው ይማር፤ ዐዲስ ነገር ሁሉ ደግ ነው የሚልም እንዲሁ።

ሦስተኛ፥ ትሕትናን እንማራለን። በታላቅ ድካም የተሠራ መጽሐፍ አውጥተው የተመኩበት ቃል የለም፤ ይልቁንም ስሕተቱን አርሙልኝ፥ በጸሎታችሁም አስቡኝ የሚል ልመና ትተው ሄዱ። እኛም የብራና ጸሐፊ በመጽሐፉ መጨረሻ ስሙን ጽፎ ጸሎት ሲለምን ማየት የለመድን ስለ ሆንን፥ የኒህንም አባት ልመና ቸል ልንል አይገባንም። ሐዲስ ኪዳኑን በግእዝ የምናነብ ካህናት ሁሉ ከደብረ ሊባኖስ ወጥተው በቲቮሊ ያረፉትን ተስፋ ጽዮንን፥ ከሳቸውም ጋራ የደከሙትን ተንሥአ ወልድንና ዘሥላሴን በጸሎታችን እናስባቸው። እግዚአብሔር አምላክ ነፍሳቸውን በአብርሃም፥ በይስሐቅ፥ በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን፤ እኛንም የተረከብነውን መጽሐፍ ሳይጐድል ለልጆቻችን ለማስረከብ ያብቃን። አሜን።